ሙሽራዋን ለማቀዝቀዝ የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ እናታችን ዳግመኛ የሚያገቡበት
ቦታ፦ የቤታችን ግቢ፣ ኮፈኑ በተከፈተው መኪና ዙሪያ
የተገኙ፦ እህታችን (ሰብሳቢ)፣ ታናሽ ወንድማችን (አባል)፣ እኔ የበኩር ልጅ (ጸሐፊ)
በታዛቢነት፦ ሙሽራዋ እናታችን፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከኋላ ወንበር ላይ
ያልተገኙ፦ ሙሽራው። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቁ መሆኑን በስልክ አሳውቀዋል።

ሦስቱም ልጆች ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የመኪናው ማቀዝቀዣ (ኤሲው) ትኩስ አየር የሚተፋበትን ምክንያት ማጣራት

ሰብሳቢዋ ነገሩ ለባለሙያ እንዲተው ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተር ስላላቸው ባለሙያ መሆናቸውን አስረዱ። ቴስተሩን የገዙት ትናንት መሆኑን የገለጹት ከተጠየቁ በኋላ ነው።

በምርመራው አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ እንደማይደርሰው ታወቀ። ጸሐፊው ጭብጨባ ጠብቀው ነበር፤ አልተጨበጨበም። የኤሲው ፊውዝ ስላጠራጠረ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ የመስኮቶቹ ፊውዝ ተነቅሎ እንዲተካበት ተወሰነ። ተተካ። ኤሲው ትኩስ መትፋቱን ቀጠለ፤ መስኮቶቹ ደግሞ እንደተዘጉ ቀሩ። ቀጥሎ የክላክሱ ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍለት ማብሪያ) ለኤሲው እንዲሰጥ ተወሰነ። ክላክሱም ዝም አለ።

አጀንዳ 2፦ ሽቦዎቹን መፈተሽ

ጸሐፊው ዳሽቦርዱ ይፈታ አሉ። አባሉ፣ «ዳሽቦርዱን ከፈታነውማ ሠርጉ ለከርሞ ነው» ሲሉ ተቃወሙ። ጸሐፊው ጥንቃቄ በሚፈልግ ሥራ መጣደፍ እንደማይገባ አሳሰቡ። ይህን ሲያሳስቡ አራተኛ ጊዜያቸው ነበር።

ሰብሳቢዋ፣ «እውነት የምትፈልገው ብልሽቱን ነው ወይስ ቀኑ እንዲመሽ?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ እየያዙ ስለሆነ መናገር እንደማይችሉ ገለጹ።

በዚህ ጊዜ ታዛቢዋ በር ከፍተው ወጡ። የተቀቡት መኳኳያ ሁሉ በላብ ወርዶ አንገታቸው ላይ ደርሷል። ያልተሰጣቸውን ዕድል ወስደው ለጸሐፊው ተናገሩ፦

«አባትህ ካረፈ ጀምሮ ማታ ማታ በሩን የምቆልፈው እኔ ነኝ፣ ጠዋት የምከፍተውም እኔው ነኝ። አንተ በሳምንት አንዴ ብቅ ትላለህ፣ እሱንም የመኪና ቁልፍ በእጅህ ይዘህ፣ ቆመህ። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር መቀመጥ አምሮኛል፣ ልጄ።»

ጸሐፊው ቴስተሩን አስቀምጠው፣ «እማዬ፣ ስመጣ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ ነው» አሉ። ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አጥብቀው ለምነው ነበር፤ ሰብሳቢዋ አልተቀበሉም።

እናታችን ሳቁ። «እንግዲህ ስትመጣ ደውል፣ ሁለት ሆነን እንጠብቅሃለን። አሁን ግን መስኮቴን መልስልኝ!»

ውሳኔ

በአጀንዳ 1 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ አጀንዳ 2 ተዘግቶ፣ ፊውዙም ሪሌውም ወደየቦታቸው እንዲመለሱ፣ ኤሲውም በብልሽቱ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ታዛቢዋም ድምፅ ሰጥተዋል፤ የተቃወመ የለም። ስብሰባው 4 ሰዓት ከ40 ላይ ተበተነ።

ይህ ቃለ ጉባኤ ከረቂቁ ተገልብጦ የተጻፈው በመንገድ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ነው። ፊደሉ የተንቀጠቀጠው የሚነዱት ሙሽራዋ ስለሆኑ፣ ቀለሙ እዚህ እዚያ የፈሰሰው ደግሞ በመስኮት በሚገባው ነፋስ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።