የቀጠና አንድ ጤነኞች

(ሀዋሳ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ ጤና ጣቢያ ግቢ፤ ኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ ረፋድ ላይ። ግድግዳው ላይ ከመስከረም ወዲህ የተመዘገበው የየቀጠናው የወባ ሕመምተኞች ቁጥር በግራፍ ተሥሎ ተለጥፏል። ከበላዩ «መረጃው የሕዝብ ነው፤ አንብባችሁ መፍትሔ አምጡ» ይላል። አቶ ደበሌ ጡረተኛ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ቃጫ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሳሉ፣ ወባ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ሰሌን ላይ ጥሏቸው፣ የተነሡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አሸናፊ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ የማያውቀው ነገር እስካሁን አልተገኘም። ሁለቱም የቀጠና አንድ ነዋሪዎች ናቸው።)

አሸናፊ፦ ጋሼ ደበሌ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? አጭሩ ነው የሚያሸንፈው!

ደበሌ፦ አጭር ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም።

አሸናፊ፦ ትግል አይደለም፤ ግራፍ ነው። ይሄ ረጅሙ ቀጠና ሁለት ነው። መቶ አሥራ ስምንት። ይቺ አጭሯ እኛ ነን። ሁለት!

ደበሌ፦ (መነጽራቸውን ወልውለው ጠጋ ይላሉ) ይቺ? እኔ ቀለም የተንጠባጠበ መስሎኝ።

አሸናፊ፦ እሷ ናት ኩራታችን! ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ላይ ሐሳቤን አቀርባለሁ። ርእሱ «የቀጠና አንድ ተሞክሮ» ነው። ቀጠና ሁለቶች መጥተው ከእኛ ይማሩ።

ደበሌ፦ ምን ይማራሉ?

አሸናፊ፦ አለመታመም።

ደበሌ፦ እንዴት ነው እሱ?

አሸናፊ፦ ዝርዝሩ በአባሪ ይቀርባል።

ደበሌ፦ ቦይ የሚጠርጉትና መድኃኒት የሚረጩት ሰዎችስ?

አሸናፊ፦ እነሱማ ረጅሙ ጋ ነው የሚሄዱት። ዛሬ ይወሰናል፤ ነገ ጠዋት ቀጠና ሁለት ይገባሉ።

ደበሌ፦ እኛ ጋስ?

አሸናፊ፦ እኛ ጋ መጥተው ምን ሊሠሩ? ጤነኞች ነን!

ደበሌ፦ ሃሴት ተኝታለች።

አሸናፊ፦ የልጅ ልጅዎ? እግዜር ይማራት። ግን ጋሼ፣ አንድ ሰው ግራፍ አያነቃንቅም።

ደበሌ፦ ከነዚህ ከሁለቱ አንዷ እሷ ናት?

አሸናፊ፦ ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ግን ናት እንበል።

ደበሌ፦ ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ታማለች። ሦስቱንም ጊዜ እዚሁ አስመርምሬያታለሁ።

አሸናፊ፦ እሺ።

ደበሌ፦ ቀጠናው በሙሉ ሁለት ጊዜ ከታመመ፣ እሷ ብቻዋን ሦስተኛውን ከየት አመጣችው?

አሸናፊ፦ (ግራፉን ትንሽ አየት አድርጎ) የኅትመት ስሕተት ይሆናል።

ደበሌ፦ በእጅ ነው የተሣለው።

አሸናፊ፦ የእጅ ኅትመት።

ደበሌ፦ አንተም በጥቅምት ተንቀጥቅጠህ ነበር። ብርድ ልብስ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ።

አሸናፊ፦ የእኔ ድካም ነበር።

ደበሌ፦ የወባ ኪኒን ነው የሰጡህ።

አሸናፊ፦ ለድካሙ።

ደበሌ፦ ካርድ ስታወጣ የየትኛው ቀጠና መስኮት ላይ ተሰለፍክ?

አሸናፊ፦ ቀጠና ሁለት ላይ ነዋ! ያኔ የእኛ መስኮት ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ነበር። «ቀጠና ሁለት ነኝ ይበሉ፣ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳሉ» ብዬ ለእርስዎም ነግሬዎታለሁ እኮ።

ደበሌ፦ ለእኔ ብቻ?

አሸናፊ፦ ለሁሉም! ሱቄ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ለጥፌያለሁ። ሰፈሩ በሙሉ መርቆኛል።

ደበሌ፦ አሁን የቀጠና አንድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ሹራብ ትሠራለች።

አሸናፊ፦ አይቻታለሁ። ጤነኞች ስለሆንን ሥራ ፈታች።

ደበሌ፦ ቀጠና ሁለት መስኮት ላይ የተኮለኮለው ሰውስ የማን ነው?

አሸናፊ፦ እሱማ የእኛው ሰው... (ይቆማል። ቀስ ብሎ ረጅሙን ምሰሶ ከታች እስከ ላይ ያየዋል።) ጋሼ ደበሌ።

ደበሌ፦ አቤት።

አሸናፊ፦ ረጅሙ እኛ ነን።

ደበሌ፦ እንኳን ደስ አለህ። አሸነፍን።

አሸናፊ፦ (ግድግዳውን ይደገፋል) ሰዎቹ ነገ ማዶ ሊሄዱ ነው! አሁን ደርሼ «ተሳስቷል» ብል ማን ያምነኛል?

ደበሌ፦ (ከኮታቸው ኪስ የተጣጠፈ ደብተር ያወጣሉ) ይሄን ያምኑ ይሆናል። ግራፉ የተለጠፈ ዕለት ሳነበው አልጣመኝም። ሳምንቱን ቤት ለቤት ዞርኩ። ማን ታመመ፣ መቼ፣ የት መስኮት ካርድ አወጣ። በቀጠና ሁለት ስም የታከመ የእኛ ሰው ዘጠና ሦስት ነው። ሰባው እዚያው ሰፈራችን የተደፈነው ቦይ ዳር ያሉ ናቸው። ሌላ ቦታ መቆፈር አያስፈልግም፤ ቦዩን መክፈት ነው።

አሸናፊ፦ ይሄን ሁሉ በኪስዎ ይዘው ነው «አጭር ያሸንፋል ወይ» እያሉ የቆዩት?

ደበሌ፦ ያንተ ማስታወቂያ እስካለ ድረስ የሚመጣው ወርም ግራፍ ውሸት ነው። እኔ አንሣው ብልህ ግን ስለ ግራፍ ታስተምረኝ ነበር።

አሸናፊ፦ አስተምርዎት ነበር። ዛሬውኑ አነሣዋለሁ። በምትኩ ምን ልለጥፍ?

ደበሌ፦ «የቤታችሁን ቀጠና ተናገሩ፤ ሰልፉ ይርዘም።»

አሸናፊ፦ እንግዲህ ስብሰባው ላይ እርስዎ ይናገሩ።

ደበሌ፦ አንተ ደብተሩን አንብብላቸው፤ ድምፅ አለህ። ስትሳሳት እኔ ከኋላ አርምሃለሁ። (ደብተሩን ይሰጡትና እጃቸውን ከላዩ ሳያነሡ ይቆያሉ) ያኔ ቃጫው እርሻ ላይ ጓደኞቼ ሦስቱም ሲሞቱ፣ አለቃው መዝገቡ ላይ «ከሥራ ቀሩ» ብሎ ጻፈ። እኔ አላነብም፤ ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ከልጆች ኋላ የተቀመጥኩት ለሹመት አልነበረም። የታመመ ሰው ታመመ ተብሎ፣ በታመመበት ቦታ ይጻፍ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።