የማርሚታው ችሎት

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ዕቃ ሊገዛ ሳይሆን ሻጭ ሊፈትን የተፈጠረ ሰው። ጫማ ሲያማርጥ መደርደሪያውን ሙሉ ያስወርዳል። ሐብሐብ ሲገዛ እንደ ሐኪም እያንኳኳ ያዳምጣል። ባለሱቁ ትዕግሥቱ አልቆ ሊያባርረው ሲቃረብ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ባዶ እጁን፣ ግን ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

የዚህ ወገን አለቃ ጡረታ የወጣው ዳኛ ነበር። ሚስቱ የሒሳብ መምህር ነበረች፤ እሷም ጡረታ ወጥታለች። መጋረጃ ላስመርጠው ብላ ይዛው በመውጣቷ ክረምቱን ያለ መጋረጃ እንዳሳለፉት ለጎረቤት ስትናገር፣ የምታማርር ሳይሆን የምትኮራ ትመስል ነበር።

ጉዱ የመጣው ግን በመኪናዋ ነው። ዳኛው በወጣትነቱ የገዛት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ነበረችው፤ ከዝቅታዋ የተነሳ የሚሳፈሯት ሳይሆን የሚለብሷት የምትመስል። ልጆች ሲወለዱ ሁለት ወንበር አልበቃ አለና በሸራ ተሸፍና ጓሮ ቆመች። ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሲሄዱ ሸራው ተነሣ። ሞተሯ ታደሰ፣ ቀለሟ ተቀባ፣ ወንበሯ ተሰፋ። ድምፅ የሚገራው የጭስ ማውጫዋ፣ ማርሚታዋ ብቻ ቀረ። የድሮው በዝገት አልቆ ሲነኩት እንደ ብስኩት ተፈረፈረ፤ የፋብሪካው ምትክ ደግሞ መሠራት ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ገበያ ላይ ካለው መምረጥ ግድ ሆነ።

ዳኛውን «ምረጥ» ማለት ደግሞ «ችሎት ክፈት» ማለት ነው።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባልና ሚስት ወደ ጋራዥ ይሄዳሉ። ዳኛው ከመኪናዋ ኋላ ወንበር አስቀምጦ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ይሰየማል። የጋራዡ ባለቤት፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ቻይ ሰው፣ ማርሚታዎቹን እንደ ምስክር አንድ በአንድ ያቀርባል፤ ይገጥማል፣ ሞተር ያስነሣል፣ ነዳጅ ይሰጣል።

ባለ ሁለት አፉ ቀረበ።

«ይሄ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አለ ዳኛው።

እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ቀረበ።

«ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ የጣለ መሰለኝ።»

ጎረምሶች የሚወዱት፣ ጥይት የሚተኩስ የሚመስለው ቀረበ። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ከድንጋጤው የተነሳ የደንበኛውን ጢም ግማሹን ጠርጎ ወሰደው። ዳኛው ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ፣ «ይለሰልሳል» አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከለሰለሰ መብረቅን ምን ሊሉት ነው?» አለ ባለ ጋራዡ።

«ለሌላ ቀጠሮ።»

ከዚያ ወዲያ መካኒኮቹ ሲያዩት «ክቡር ፍርድ ቤቱ ገቡ» ይባባሉ ጀመር። መምህርቷም አብራ ትስቃለች። እሷ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ኪሮሽ እየሠራች ትጠብቀዋለች። ሥራዋ መጠበቅ ይመስል ነበር፤ ድሮም ለምዳዋለች። በልጃገረድነቷ፣ አባቷ ቤት መስኮት ሥር ሆና ስትጠብቅ፣ ከመታጠፊያው ማዶ የዚህችው መኪና ዝቅ ያለ ማጉረምረም ይሰማል። ዳኛው፣ ያኔ ገና ጀማሪ ጠበቃ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ማርሚታው ሁለት ጊዜ ያስላል። አባቷ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ፣ «ያ ጉንፋን የማይለቀው ልጅ መጣልሽ» ይሏታል። እሷ ግን ያን ጊዜ ጫማዋን አጥልቃ ደጅ ወጥታለች።

አንድ ቅዳሜ ባለ ጋራዡ ከአንድ አሮጌ መኪና የፈታውን ከባድ ማርሚታ አምጥቶ ገጠመ። ሞተሩ ተነሣ። የመምህርቷ ኪሮሽ እጇ ላይ ቀረ። ያው ማጉረምረም ነው። ነዳጅ ሰጥቶ ሲለቀው ሁለት ጊዜ አሳለ። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ ያዳምጣል።

ባለ ጋራዡ ሞተሩን አጠፋ። ዳኛው እጁን አላወረደም።

«ቆይ፣ እንዳትነካው» አለ። «አሁን ሊመጣ ነው።»

የሚቀጠቅጠው ሁሉ መዶሻውን አቆመ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ባለ ጋራዡ መምህርቷን አያት፤ እሷም የሰነበተው ነገር ሁሉ በአንዴ ገባት። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ የሚያናውጠው፣ ልጆቹ ሲደውሉ «እናታችሁን አነጋግሩ» እያለ ስልኩን የሚያቀብላት። ስንት ቅዳሜ ሙሉ በማማረጡ ስትስቅበት ኖራለች።

ወርዳ ትከሻውን ነካችው። ዓይኑን ገለጠ። የባለ ጋራዡን ፊት፣ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ፣ በመጨረሻም እሷን አየ። ዳኛ ነውና ማስረጃ ለመመዘን ጊዜ አልፈጀበትም።

«ጠፍቷል እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቆየ።»

አቀረቀረ። «መጀመሪያ ማርሚታዎቹ የከፉ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠረጥር ደግሞ መናገር ከበደኝ።»

«ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለችው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ። «ይሄን ግን ዛሬ ይዘነው እንሄዳለን። ራሱ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የምጠብቀው እኔ ነበርኩ እኮ። አንተማ መሪ ይዘህ ነው የኖርከው።»

ዳኛው የሚሻለውን ጆሮውን ወደ አፏ አዘነበለ።

«እስቲ፣ ምን ይላል?»

መምህርቷ ዙሪያዋን አየች። በማስተማር ዘመኗ ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ክፍል ጸጥ የምታሰኘው በቅንድቧ ነበር። አሁን ግን መካኒኩ ሁሉ እያያት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደታቀፈች፣ ጉንጯን ነፍታ «ቩርርርም» አለች። ቀጥላም ሁለት ጊዜ አሳለች።

ዳኛው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሦስተኛ ማርሽ ሲገባስ?»

ሦስተኛ ማርሽ አስገባችለት።