የደምለው ቀይ ቀለም

ሰማዩን ሰማያዊ ነው ብለን ሁላችንም ተስማምተን እንኖራለን እንጂ፣ እናንተ የምታዩትን ሰማይ እኔ ልየው አልየው ማን ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያረጋግጥልኛል? ከባለቤቴ ጋር በአንድ ሹራብ ቀለም ስንጨቃጨቅ ዓመት አልፎናል። እሷ አረንጓዴ ትላለች፣ እኔ ሰማያዊ። እስካሁን አልታረቅንም።

ነገሬ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ ደምለው ነው። ደምለው በልጅነቱ ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብራና መጻፍ ይማር ነበር፤ ፊደሉም ሸጋ ነበር አሉ። እንደምታውቁት የእመቤታችን ስም በብራና ላይ የሚጻፈው በቀይ ነው። ጸሐፊው ጥቁሩን ሲጽፍ ለስሟ ባዶ ቦታ እየተወ ይሄድና ኋላ በቀዩ ይሞላዋል። ደምለው አንድ ቀን ያን ሁሉ ባዶ ቦታ በጥቁር ሞላው። የኔታ ሲቆጡት ቀይ ነው ብሎ ማለ። ስግደት አዘዙበት፤ ሰገደ፤ ተነሥቶ እንደገና በጥቁር ጻፈ። ማርያምን አቃለለ ተባለና ተባረረ። እናቱም በሐፍረት የማርያም ማኅበሯን ተወች።

ካደገ በኋላ ሹፌር ልሁን አለ። ለመንጃ ፈቃድ ዓይኑን ሊመረመር ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ነርሷ ባለቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ እየገለጠች በነጠብጣቡ መሐል ያለውን ቁጥር ትጠይቃለች። ደምለው ወረፋው እስኪደርስ ከፊቱ የነበሩት የሚሉትን እየሰማ በቃሉ ያዘው። አትፍረዱበት፤ የቆሎ ተማሪ ትምህርቱ ጓደኛው ሲቀጽል ሰምቶ መያዝ ነው፤ ይኼም ፈተና የቃል መስሎታል። ተራው ሲደርስ ገጹ ሳይገለጥ ጀመረና አንድም ሳይስት አንበለበለው። ነርሷ ሣቀችና መጽሐፉን ከኋላ ገለጠችው።

«ይኼስ ስንት ነው?»

«ነጠብጣብ ነው።»

«ውስጡስ?»

«ምነው እህቴ፣ ነጠብጣብ ብቻ ነው እንጂ!»

እኔ ከኋላው ቆሜ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችው። አብሮት የተወለደ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ጠቆር ያለ ቀይ ደግሞ ጥቁር መስሎ ይታየዋል። ለመንጃ ፈቃዱ አልፈርምም አለች። እኔ ልሟገት ተነሣሁ፤ ከጎንደር እስከ አዲ አርቃይ መኪና የሚያቆመው አህያ እንጂ መብራት መች ሆነና! ደምለው ግን ክንዴን ያዘኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አያ፣ ሰሙ አይደል? ቀዩ ጥቁር መስሎ ነው የሚታየኝ!»

በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድን። አርጅተዋል። ነገሩን ሰምተው አላመኑም፤ ጥቁሩና ቀዩ የተሞላባቸውን ሁለት የቀለም ቀንዶች አቀረቡለት። ደምለው አየ፣ አገላበጠ፣ «የኔታ፣ ለእኔ አንድ ናቸው» አለ። ቀንዶቹን ተቀብለው አስቀመጡ። ከዚያ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና «ያን ስግደት እኔ ልስገደው» አሉ፤ ጉልበታቸው ግን እምቢ አላቸው።

ደምለው ደገፋቸው። «ይተዉት የኔታ። ይልቅ ለእናቴ ይንገሩልኝ።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው ተከተሉን። እናቱ በሩን ስትከፍት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ልጅሽ አላቃለለም፤ ዓይኑ ነው» አሏት። እሷ ወደ ደምለው ዞረች።

«ፈቃዱንስ ሰጡህ?»

«ቀይ አታይም ብለው ከለከሉኝ።»

እልልታዋን አቀለጠችው።