«አልቀየምም» የሚሉት ክብርት ደራሲት

በዓለም ላይ ከሰው ሁሉ የሚያስፈራው ማን ነው ብትሉኝ፣ የራሱን ጽሑፍ የሚያነብልሽ ሰው ነው እላለሁ። ነገረኛን ዝም ብለው ያልፉታል። ወሬኛን «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» ብለው ያመልጡታል። ወረቀት ይዞ «እስቲ አንዴ ስሚኝ» ከሚል ሰው ግን መውጫ የለም። ዓይኑ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ፊትሽም ላይ ነው።

እናንተም አንድ እንዲህ ያለ ሰው አታጡም። የእኛዋ ክብርት ደራሲት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ለቀልድ ነበር፣ እሳቸው ግን የምር ተቀበሉት። የአሠሪያችን ታናሽ እህት ናቸው። አሠሪያችን «አንቱ እያላችሁ አታስረጁኝ» የምትል ሴት ናት፤ ክብርነታቸው ግን አንቱታውን አይጠሉትም።

እኛ ላውንደሪ ቤት ጓሮ ውስጥ ልብስ እንተኩሳለን። በእንፋሎት መሃል ቆመን፣ አንድ እጃችን ካውያ ላይ፣ አንድ እጃችን ኮሌታ ላይ። እንዲህ ታስሮ የቆመ አድማጭ ደራሲ ከየት ያገኛል?

የሚጽፉት የድሮ ዘመን የፍቅር ታሪክ ነው። ባሏ የሞተባት እመቤት ምሽጓን ራሷ ትጠብቃለች። በሯ ላይ የሰፈረውን የጠላት ጦር አዛዥ ትወደዋለች፣ ግን በሩን አትከፍትለትም። ቀን ትዋጋዋለች፣ ሲመሽ ቅጥሩ ላይ ቆማ ትሰድበዋለች። ስድቧ ከሌላው ሰው ፍቅር ይጣፍጣል።

እኔ በንባብ ብዙም አይደለሁም፤ የገጹ ታች ስደርስ ላይኛው ይጠፋብኛል። ይህንንም የጻፍኩት እየሰረዝኩ ነው። ስለዚህ ሲያነቡልን ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስጨንቀኝ ከንባቡ በኋላ የሚመጣው ነው።

«እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።»

ይቀየማሉ! ልብስ የሚያጥፉልን አባባ አንድ ቀን «ይሄ ፈረስ ከትናንት ጀምሮ እየጋለበ ነው፣ ውሃ አያምረውም?» ቢሉ፣ ፈረሱ ወንዝ ወርዶ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሰላም አላሏቸውም። ሱሪ የምትተኩሰው ባልደረባችን፣ ምላጭ የምንላት፣ «አዛዡ ጢሙን ይከርከም፣ እመቤቲቱን ይወጋታል» አለች። ተቀየሙ፤ በማግስቱ አዛዡ ተከርክሞ መጣ።

በአፋችን ግን ብዙም አያምኑም። የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነው። የጨርቅ ቃጠሎ ከሸተታቸው ምዕራፉ ሰምሯል ማለት ነው። አዛዡ ቆስሎ የወደቀ ቀን ምላጭ አንድ ሱሪ ጉልበቱ ላይ አቃጠለች። ክብርነታቸው ሱሪውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው አዩት። አሠሪያችን ያየችው በሌላ ዓይን ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚነበብ ቀን አሠሪያችን በሩ ላይ ቆመች። «ስሚ፣ ዛሬ አንድ ክር ቢቃጠል፣ የእናቴ ልጅ ብትሆኚም ሁለተኛ እዚህ ቤት አታነቢም!»

እኔ ፊት ተዘርግቶ የነበረው የሙሽራ ቬሎ ነው።

ክብርነታቸው ግን ወረቀታቸውን ዘረጉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። መጽሐፋቸውን የሚያትመው አሳታሚ «ሴትዮዋን ሰውየው ያድናት፣ አለዚያ አላትምም። አንባቢ የሚወደው እንደዚያ ነው» ብሏቸዋል። እሳቸውም እንዳለው ጽፈዋል፤ ከእኛ ዘንድ ወጥተው በቀጥታ ሊያስረክቡት ነው።

ማንበብ ጀመሩ። ከሃዲዎች እመቤቲቱን ማማ ላይ ቆለፉባት። ካውያዬን ካነሳሁ ሥራው ይቆማል፣ ካሳረፍኩ ቬሎው ይነዳል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ፤ አሁን አንድ ነገር ታደርጋለች ብዬ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አለቀሰች። አዛዡ በሩን ሰብሮ ገባና ታቅፏት ደረጃውን ወረደ።

ምላጭ አንገቷን ደፍታ፣ «እግሯን ምን ነካት?» አለች በሹክሹክታ።

አለቀ። ቬሎው እንደ ወተት ነጭ ነው። አሠሪያችን አጨበጨበች፤ «ጎሽ! እስከ ዛሬ ካነበብሽው ሁሉ ይሄ ይሻላል!»

ክብርነታቸው አየሩን አሸተቱ። ምንም የለም። ጠረጴዛዎቹን አልፈው እኔ ፊት ቆሙ። «አንቺ አንድም ቀን ተናግረሽ አታውቂም። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም።»

ሰው ሲጠይቀኝ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነው የሚቀረው። ያን ቀን ከየት እንደመጣ እንጃ። «እትዬ፣ እመቤቲቱ እኮ ሰው አትጠብቅም ነበር» አልኩ። አፌ አንዴ ተከፍቷልና ቀጠልኩ፤ «የቤት አከራዬ ሳያንኳኩ ነበር የሚገቡት። ባለፈው በእሷ ተደፋፍሬ ‹ያንኳኩ እንጂ!› አልኳቸው። አሁን እሷ ቁጭ ብላ ካለቀሰች፣ እኔ ነገ በምን አፌ ልናገር?»

ወረቀታቸውን ሰብስበው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

«አሁን ደግ ሠራሽ?» አለችኝ አሠሪያችን። «እኔ ቤት መጥታ ስታለቅስ ልታድር ነው!»

በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም አልመጡም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእንፋሎቱ ፉጨት ብቻ ሆነ። ምላጭ ሱሪ ሁሉ አሳምራ ተኩሳ «ምን ዋጋ አለው» ትላለች። አባባ «ለመሆኑ ያ ፈረስ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክብርነታቸው የደከሙበትን መጽሐፍ እኔ፣ አንድ ገጽ አንብቤ የማልጨርሰው፣ ገደል ከተትኩት እያልኩ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ጓሮው በሚያስወርደው ደረጃ ላይ ኮቴ ተሰማ። ክብርነታቸው ናቸው። ዓይናቸው አብጧል፣ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘውታል። እኔን አላዩኝም፤ ገና እንደተቀየሙኝ ናቸው።

«አሳታሚው አዲሱን መጨረሻ እምቢ ብሏል» አሉ ለግድግዳው። «እኔም ተወው ብዬዋለሁ። ሌላ እስካገኝ አንባቢዎቼ እናንተ ናችሁ። እመቤቲቱ የማማውን በር በወንበር ሰብራ ወርዳለች። አሁን አዛዡ ፊት ቆማለች።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ላንብብ ወይስ ልሂድ?»

አሠሪያችን የሸሚዙን ክምር አየች። እህቷን አየች። እኛን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሁላችሁም ካውያችሁን ንቀሉ» አለች። «ከዚያ ታንብብ።»

የእኔ ቀድሞ ተነቅሏል። ኮቴያቸውን ስሰማ ነው የነቀልኩት።