የወይዘሮ ስንዱን ገብስ በአውሮፕላን ያናፈስኩበት ቀን

በዚህ ዕድሜዬ ሠርግ ልበላ ሄጄ በማይክሮፎን ተዋረድኩ!

አዎ፣ ዛሬ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት።

ማይኩን የያዘው በልጅነቴ ታጭቼለት የነበረው ሰውዬ ነው። ድረስ ልበለው። እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ልጆቹ ፌስቡክ ላይ ስላሉ ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ምላሱ ግን አልሸበተም።

«እቺን ሴትዮ ታውቋታላችሁ?» አለ በጣቱ እያሳየኝ። «በጃንሆይ ጊዜ አውሮፕላን አበራለሁ ብላ መጥታ፣ የእናቴን ገብስ በትና፣ ከፈተናዋ ወድቃ የሄደችው እሷ ናት!»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ!

የእህቴ ልጅ ሳትቀር እየሳቀች ቪዲዮ ትቀርጻለች። ቤቴ ሳልደርስ ፖስት ተደርጓል።

ገብሱን በትኛለሁ። አልክድም።

መውደቅ ግን? ቆይ!

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። የራሴን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ስለማልወድ ነው። አሁን ግን ቪዲዮው ሼር እየተደረገ ስለሆነ፣ የእኔንም አንብቡና ፍረዱ።

እጮኝነቱን ያፈረሱት የድረስ እናት ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ እንበላቸው። አንቱ የምላቸው ስለሞቱ ነው።

«ጥያቄ የምታበዛ ሴት ለልጄ አትሆንም» አሉ።

ድረስ ምን አለ? ዝም አለ! ዛሬ ማይክ ከእጁ አልወጣ ያለው ሰውዬ፣ ያኔ አንዲት ቃል አልወጣውም።

እኔም አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ተማርኩ። ከዚያ አንዲት ትንሽ የበረራ ማሠልጠኛ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ኮሜንት ላይ አትጠይቁኝ።

እዚያ ግን መጠየቅ ሥራዬ ሆነ!

«ሻምበል፣ ሞተሩ ሰማይ ላይ ቢጠፋ ምን ይውጠናል?»

«ሻምበል፣ ደመና ውስጥ ስንገባ ላይና ታቹን በምን እናውቃለን?»

«ሻምበል፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ቢያሳርፈን አይቀልም? ለምን ፊት ለፊት እንጋፈጠዋለን?»

አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ የጦር ሰው ነበሩ። የሱሪያቸው የተተኮሰ መስመር ሽንኩርት ይከትፋል። «አንቺ ልጅ፣ አውሮፕላን ነው የምትማሪው ወይስ ቅኔ?» ይሉኛል። የመሪጌታ ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው።

ግን ይመልሱልኛል። ሞተሩ ከጠፋ አፍንጫዋን ዝቅ አድርገሽ ሜዳ ትፈልጊያለሽ። ደመና ውስጥ ዓይንሽን ሳይሆን መሣሪያውን ታምኛለሽ። ከኋላ የሚገፋሽ ነፋስ ደግሞ መቆም ስትፈልጊ አያስቆምሽም።

ከአባቴ ቀጥሎ «ጥያቄ አታብዢ» ያላለኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ፈተናዬ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። ሩቅ በርሬ፣ ከዚያ በፊት አርፌበት የማላውቅ ሜዳ ላይ አሳርፌ መመለስ አለብኝ። ካለፍኩ ብቻዬን እንድበር ይፈቀድልኛል። ከወደቅኩ ወደ አክስቴ ጓዳ። ሌላ ቦታ ሥርዓቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሻምበል ግን የራሳቸው ሕግ ነበራቸው።

«ማረፊያውን አንቺ ምረጪ» አሉኝ።

ብልህ ሰው ቅርብና ቀላል ሜዳ ይመርጣል። እኔ?

የተወለድኩባትን እስቴን መረጥኩ!

ወይዘሮ ስንዱ ቀና ብለው እንዲያዩኝ ነዋ! ሌላ ምን ምክንያት ይኖረኛል?

ለአባቴ በአውቶቡስ ሹፌር መልእክት ላክሁ። አባቴ ለደብሩ ሰው ተናገሩ። የደብሩ ሰው ለገበያው ተናገረ። ጎረቤቶቻችን ጋይንትና ስማዳ ሳይቀር ተሰማ።

ባሕር ዳር አድረን፣ ነዳጅ ሞልተን፣ ጠዋት ተነሳን። ሻምበል ከጎኔ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እጄ ከዚህ ከተነሳ ወድቀሻል» አሉ።

በቃ። ሕጉ ይኸው ነው።

የጉናን ተራራ በግራ አድርጌ ሄድኩ። ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ጠዋት ነበር። አገሬን ከላይ አየኋት፤ ታጭዳለች፣ ተከምራለች፣ ጭስ እዚህም እዚያም ይወጣል። እንዴት ደስ አለኝ! አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሜዳው ላይ ስደርስ ግን ምን አየሁ?

ግማሹ አውድማ ሆኗል!

ሜዳው ለአንድ ትልቅ ሰው ጉብኝት ተብሎ የተደለደለና የተጠቀጠቀ ነው። አውሮፕላን የሚያየው ከስንት አንዴ። በአገሩ እንደሱ ደልዳላና ጠንካራ መሬት የለም። ታዲያ እህል በሚወቃበት ወር ማን ባዶውን ይተወዋል? በእበት ለቅልቀው፣ በሬ እያዞሩ ይወቁበታል። የእስቴ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ! አዲስ አበባ ጭንቅላቴን በልታዋለች።

የቀረው ግማሽ ለእኛ ትንሽ አውሮፕላን ይበቃል። ዝቅ ብዬ አንድ ጊዜ አለፍኩ፤ ሰውና ከብት ገለል እንዲል።

ገለል ያለው ከብቱ ብቻ ነው!

ሰውማ እልል እያለ ወደ መሀል ወጣ። ሞተሩን እያስጓራሁ ተመልሼ ስመጣ ነው ነጠላውን ሰብስቦ የሮጠው።

«ነፋሱ ከየት ነው?» አሉ ሻምበል።

አውድማው ላይ በመንሽ ወደ ላይ የሚወረውሩት ገለባ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። «ከምሥራቅ!» አልኩ። ዞሬ ፊት ለፊት ገጠምኩት።

የሻምበል ጣቶች ጉልበታቸውን ጨበጡ። አልተነሱም።

ጎማው መሬት ነካ። ነጠር አለች፣ ተረጋጋች፣ ከአውድማው ወዲህ ቆመች።

አሳረፍኳት!

እዚያው ላይ ሞተሩን ባጠፋ ኖሮ ዛሬ ይህን ፖስት አታነቡም ነበር።

ግን ወይዘሮ ስንዱን አውድማው ዳር ቆመው አየኋቸው። ድረስም መንሹን ይዞ ውስጥ። እንግዲህ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ፊቴን በደንብ ሳያዩት ልሄድ ነው? ላዙራት አልኩ። ለማዞር ሞተር መጨመር ያስፈልጋል።

ጨመርኩ።

ጭራዋ ወደ አውድማው ዞረ። ፕሮፔለር ወደ ኋላ ምን ያህል ነፋስ እንደሚልክ ታውቃላችሁ አይደል?

ያ ሁሉ ገብስ ተነሳ! ገለባ፣ እብቅ፣ ነጠላ፣ የአንድ ቄስ ጥምጣም! መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ከዚያ የምሥራቁ ነፋስ ተቀብሎ መልሶ በእኛው ላይ አፈሰሰው። መስኮታችን ክፍት ነበር።

ዞር ብዬ ሻምበልን አየሁ።

እጃቸው ተነስቷል!

ፊታቸውን ሸፍነውበታል።

ሞተሩን አጥፍቼ ዘልዬ ወረድኩ። ልሰበስብ፣ ይቅርታ ልለምን ብዬ ሮጥኩ። ቀጥታ አውድማው ውስጥ። ከነቦት ጫማዬ፣ ከነሱሪዬ!

በእኛ አገር አውድማ ላይ ጫማ አይገባም። ምርቱ ሳይነሳ ሴትም አትረግጠውም። ወይዘሮ ስንዱ እንኳ የገዛ ገብሳቸውን ከዳር ሆነው ነው የሚያዩት።

«ኧረ ውጪ! ኧረ ጫማዋን!» አገሩ በአንድ ድምፅ ጮኸብኝ።

ወይዘሮ ስንዱ ቅንድባቸው ላይ እብቅ ተደርድሮ «ልጄ ቢተውሽ በእህሌ ትበቀይኝ?» አሉ።

ድረስ አስነጠሰ። አስተዋጽኦው ይህ ነበር።

አባቴ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። አልተቆጡም። «ነይ ውጪ ልጄ፤ አገርሽን ቀስ ብለሽ ታስታውሽዋለሽ» አሉኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ አጥፊዋ መግባት ስለማትችል፣ አብሯት የመጣው ሰው ገብቶ ይሰብስብ ተባለ።

ሻምበል!

ጫማቸውን ሲያወልቁ አውራ ጣታቸው በካልሲያቸው ቀዳዳ ብቅ አለ። ያ የተተኮሰ ሱሪ፣ ያ ካልሲ! መጥረጊያ ተሰጣቸውና ከድረስ ጎን ሆነው ገብስ ጠረጉ።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ከክምሩ እፍኝ አንስተው እፍ አሉበት። የሚበር ነገር የለውም።

«አንቺ ስንዱ፣ ምን ያስጮህሻል? ገለባውን ጠርጋ ጨረሰችልሽ እኮ!» አሉ። ወደ ሻምበል ዞረው ደግሞ «ጌታዬ፣ የእኔ ክምር ማዶ ያለው ነው። ጭራዋን ወደዚያ ቢያዞሩልኝስ?»

ሻምበል የመለሱትን አልጽፍም፤ ልጆች ያነቡታል።

ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ስንዱ ብቻ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም፤ የተነሳው እጅ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስንመለስ ሻምበል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈዋል። እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ። ለመጠየቅ ፈራሁ። እኔ!

ጣና ብልጭ ሲል አፌን ከፈትኩ።

«ሻምበል፣ ወድቄያለሁ?»

ከጆሯቸው ውስጥ ገለባ አወጡ። አዩት። በመስኮት ጣሉት።

«ጎማው መሬት እስኪነካ እጄ አልተነሳም» አሉ። «መሬት ላይ ያነሳሁት እንደ ማንኛውም ሰው አፍሬ ነው። ባሕር ዳር ስናርፍ እኔ እወርዳለሁ፤ አንቺ ብቻሽን አንድ ዙር ዙሪ። ስለ ካልሲው ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ለማንም አልተነፈስኩም። እስከ ዛሬ። ነፍሳቸውን ይማር።

ስለዚህ አቶ ድረስ፣ አልወደቅኩም! ልጆችህ ያንብቡልህ። ጮክ ብለው።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፤ ሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን ስትሆኚ ምን ተሰማሽ? ነፃነት፣ ኩራት፣ እንዲህ ያለ ነገር እንድላቸው ይጠብቃሉ። እውነት ነው፣ ጣና ከሥሬ ተዘርግቷል። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የሚያጨኝም የሚተወኝም የለም።

ግን ልንገራችሁ?

እብቁ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባዬ መሀል፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ያሳክከኛል! መሪውን ለቅቄ እንዳላክ ሰማይ ላይ ነኝ። ልጃቸውን የከለከሉኝ ሴትዮ እዚያም ተከትለውኛል። ወንበሩ ላይ እየታሸሁ ዞርኩ፣ እየታሸሁ አረፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፤ በሕይወታችሁ ትልቁ ቀን ላይ፣ የማን ገብስ ነበር ጀርባችሁን ያሳከካችሁ?