የአማች ሽጉጥ

የአገራችን ሰው ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ሕግ አዋቂ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ዳኛ ፊት የቆመውም አንዴ የፓርኪንግ ቅጣት ሊከራከር ነው፤ እሱንም ተረትቷል። ግን ጠያቂ ሳይኖር ይመልሳል፣ ከሳሽ ሳይኖር ይፈርዳል። አሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት፣ ፍሪድሊ ከተማ የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ክቡር አቶ ጎንፋ ናቸው። ሚስታቸው ጋዲሴ ደግሞ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት።

ጎንፋን ሕግ ውስጥ የከተታቸው ሽጉጥ ነው። ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ትንሽ ግሮሰሪ በነበራቸው ጊዜ ሌባ በሩን ሰብሮ ገባና በማግስቱ ሄደው ገዙ። ግሮሰሪው ተዘጋ፤ ሽጉጡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሌባውን ረስተው ሕጉን መፍራት ጀመሩ። ሽጉጡ ምድር ቤት በብረት ሣጥን፣ ጥይቱ ፎቅ ላይ በሌላ ሣጥን ይቀመጣል፤ ቁልፎቹ የት እንዳሉ የሚያስታውሱት ደግሞ አልፎ አልፎ ነው። «ሌባ የመጣ ቀን» ትላለች ጋዲሴ፣ «እሱ እስኪዘጋጅ ድረስ እንግዳውን ሻይ እያጠጣሁ ማቆየት የኔ ሥራ ነው።»

ችግሩ ሕጉ አርፎ አይቀመጥም። ስቴቱ ያወጣውን ፍርድ ቤት ይሽረዋል፣ ፌደራሉ የከለከለውን ስቴቱ ይፈቅደዋል። ስለዚህ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ጎንፋ ጣታቸውን ቀስረው «እሱ የድሮው ነው!» ይላሉ። የወሎው ሀዚም፣ መካኒኩ፣ ሽጉጡን ለጓደኛው ሊሸጥ አስቦ ቢያማክራቸው ከመኪና ሥር ጎትተው አውጥተው አስተማሩት። «እጅ በእጅ? እሱ የድሮው ነው! አሁን ተቀባዩ ፈቃድ ይኑረው፣ ባክግራውንድ ቼክ ይደረግ፣ ወንጀል እንደሌለበት ይጣራ!» ሀዚም ሽጉጡን ሳይሸጥ ቀረ፤ የዚያን መኪና የዘይት ክዳንም ሳይዘጋ ለባለቤቱ አስረከበ።

አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቆመው ሳለ፣ ክቡርነታቸው ስለ ማሪዋና ያብራሩ ነበር። «ስቴቱ አጭስ ይልሃል፤ ፌደራሉ ያጨሰ መሣሪያ አይያዝ ይላል። አንድ ቤት፣ ሁለት አባወራ! ልጅ ለማን ይታዘዝ?» ልጃቸው ኢቢሴ «ዳድ፣ ፕሊስ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። አጠገባቸው የነበሩት አዛውንት፣ በዕድሜያቸው አንድ ቀን አጭሰው የማያውቁ ሰው፣ ተጨንቀው ወንበር ቀየሩ።

ጎረቤት ስቴት፣ ዊስኮንሰን፣ ለቅሶ ሲሄዱ የሆነው ግን ይብሳል። ጎንፋ ስቴቶቹን የሚለየው ወንዝ ድልድይ ጋ ሲደርሱ መኪናውን አቆሙና ለቀስተኛውን በሙሉ አስወረዱ። ሽጉጡ ቤት ነው። ግን ምናልባት አንድ ጥይት ወንበር ሥር ወድቆ ቢሆንስ? «ከወንዙ ወዲያ ሌላ ሕግ ነው» እያሉ ምንጣፉን ሲያራግፉ፣ ጋዲሴ ነጠላዋን ተከናንባ በረዶ ላይ ቆማ፣ ለሟች ያዘጋጀችውን እንባ ለራሷ አነባችው።

ሙሊሳ የጋዲሴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ ተጎዳና ሥራውን አጣ። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ሌላ ስቴት ገባች። ታክሲ ሲነዳ የገዛት ሽጉጥ አለችው። በመጀመሪያ ሰው መጠየቅ ተወ፣ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ራሱ ደወለ።

«እታለም፣ ደክሞኛል» አላት። «ልጄን አደራ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋዲሴ ሳሎን ገብታ፣ ከተጋቡ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቃው የማታውቀውን ጥያቄ ባሏን ጠየቀችው።

«ሕጉ ምን ይላል?»

ጎንፋ ይህችን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። አሁን ግን ደስ አላላቸውም። ነገሩን ሰምተው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ፍርድ ቤት መሣሪያውን እንዲያስወስድበት ማመልከት ይቻላል። አዲስ ሕግ ነው።»

«እናመልክታ!»

«ሚስት ትችላለች። ወላጅና ልጅ ይችላሉ። አብሮት የሚኖር ሰውም ይችላል።»

«እህትስ?»

«እህት የለችበትም።»

«እኔ ነኝ እኮ ያሳደግሁት!»

«ሕጉ እሱን አያውቅም፣ ጋዲሴ» አሉ። ቀጥለውም «ፖሊስ ራሱ ማመልከት ይችላል» ብለው ጨመሩ።

ሁለቱም ስልኩን አዩት፤ አንዳቸውም አላነሱትም። እዚህ ከተማ፣ ፖሊስ ሰው ሲገድል እያየ የኖረ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ፖሊስ ሲያንኳኳ ሙሊሳ ሽጉጡን እንደያዘ ቢከፍትስ? ከሞት እናድነው ብለው ሞትን በስልክ ሊጠሩለት ነው።

ስለዚህ ወደ አገር ቤቱ ሥርዓት ተመለሱ። እዚያ ሰው ቂም ወይም ሐዘን ሲጸናበት ሽማግሌ ይሄድበታል፤ እሱም መሣሪያውን ከፊታቸው ያስቀምጣል። ልቡ እስኪረጋ ድረስ መሣሪያው ሽማግሌ ቤት ይቆያል። ጎንፋ ሀዚምን ጠርተው ወዲያው ተነሡ። ጋዲሴ ጫማዋን ስታደርግ ግን «ሽማግሌ ሲሄድ ሴት አትከተልም» ተባለች። ቀረች።

የሆነውን የነገራት ሀዚም ነው። ሙሊሳ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ በሩን ከፈተላቸው። ለሽምግልና መምጣታቸው ሲገባው ጎንበስ ብሎ አስገባቸው፤ ራሱን ቢጠላም ሽማግሌ አይመልስም። ሀዚም «ወንድሜ፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ መሣሪያውን ስጠን» ሲለው አልተከራከረም። ከትራሱ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሀዚም እጁን ዘረጋ።

«አትንካ!» ብለው ጮኹ ጎንፋ። «ያለ ፈቃድ መቀበል ወንጀል ነው! የኔም ፈቃድ ጊዜው አልፏል! ለእህት ይፈቀዳል። ለአማች አይፈቀድም፣ ለአንተማ ጭራሽ!»

ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይበል አይበል ሀዚም አያውቅም። የሚያውቀው እህትየዋ ቤት መቅረቷን ነው። ሙሊሳ አንዴ ጎንፋን፣ አንዴ ሽጉጡን አየ። «ሽጉጤን እንኳ የሚቀበለኝ ሰው ጠፋ?» አለና መልሶ ትራሱ ሥር ከተተው። በትሕትና ሸኝቷቸው በሩን ቆለፈ።

ጋዲሴ ይህን ስትሰማ በርራ ሄደች። አንኳኳች፣ ለመነች፣ በእናታቸው ስም አለቀሰች። ሙሊሳ ከውስጥ «ደኅና ነኝ፣ ሂጂ» ከማለት በቀር አልከፈተም። ቤቷ ተመልሳ ባሏ ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«ወንድሜ ከሞተ» አለች፣ «ሕግህ ይቅበርልኝ።»

ጎንፋ ብርድ ልብስና የጥርስ ብሩሽ በፌስታል ይዘው ወጡ። ጋዲሴ አኩርፈው የሄዱ መስሏት ነበር፤ ስትደውልላቸው ግን ድምፃቸው ከአፓርትመንት ኮሪደር የመጣ ነው።

«የት ነህ?»

«ቤቴ።»

«የትኛው ቤትህ?»

«ሙሊሳ ጋ። አብሮት የሚኖር ሰው ይችላል ይላል አይደል? ከዛሬ ጀምሮ አብሮት የምኖረው እኔ ነኝ። ይክፈትልኝ እንጂ።»

በተዘጋው በር ላይ ሕጉን ከመግቢያው አንሥተው ማስረዳት ያዙ። በመጨረሻ ጎረቤትየዋ ወጥታ «ኧረ እባክህ ይህን ሰውዬ አስገባው!» ብላ በሩን ደበደበች። ሙሊሳ ከፈተ።

ጎንፋ ከዚያ ቤት ወደ ፋብሪካቸው ሄደው ወደዚያው ይመለሳሉ፤ እሳቸው በሌሉበት ሀዚም ይቀመጣል። ጋዲሴ «ማመልከቻውስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ትእዛዙን ይዞ የሚመጣው ያው ፖሊስ ነው» አሏት። «ይቅር። እኔ ከትራሱ አጠገብ ልተኛ።»

ሙሊሳ ዳነ ማለት አይደለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ወገቡ አልዳነም፣ ልጁም አልመጣችም። ያቺ ሽጉጥ ብትወሰድ እንኳ ሌላ የሚሸጥለት ሱቅ እንዳለ ጋዲሴ ታውቃለች። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።

ከዕለታት አንድ ቀን የደወለው ሙሊሳ ራሱ ሆነ። «እታለም፣ ቶሎ ነይ» አላት። እንዴት ድራይቭ እንዳደረገች አታውቅም። በሩን የከፈተላት ግን እሱ ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በሕይወት አለ። ከኋላው ክቡር አቶ ጎንፋ በካናቴራ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ፌደራል ሕግ ያስረዳሉ። እንቅልፍ ካጡ መሰንበታቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል። ጋዲሴ ያኔ ባሏን እንዴት እንደምትወደው ለራሷም ገረማት።

ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይኸው ውሰጂው» አለ ሙሊሳ። «እሱንም አብረሽ ውሰጂልኝ፣ በፈጣሪ! ጆሮዬን በላው እኮ!»

ጎንፋ ንግግራቸውን አቋርጠው ተነሡ። ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ግን «ለእህት ይፈቀዳል» ብቻ አሉ።

ጋዲሴ ሽጉጡን ወሰደች። ባሏን ግን እዚያው ተወችለት።