እትየ አገኘሁሽና የአፑ ጓዳ

እትየ አገኘሁሽን አንድ ተራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስወጣት ቁጭ ብዬ አስልቻለሁ። ስልሳ ጊዜ መቆጣት፣ ሃያ ጊዜ መሳቅ፣ አንድ ሙሉ ጉሮሮ፣ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ ቀዝቅዞ የሚደፋ ሁለት ብርጭቆ ሻይ። ይህ እንግዲህ የገበያ ቀን ሳይጨመር ነው። በገበያ ቀን ሩዙን ሸጦ ስልክ የገዛ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ሁሉ ስለሚመጣ ጉሮሮው ሁለት ይሆናል።

ስለ ስልክሽ ካንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሳትሰጪው ይቀበልሻል፣ ሳትጠይቂው ይቆጣሻል። ሐሙሲትም አለ፣ አንበሳሜም አለ፤ ግን የእነሱ ለዘር ያህል ነው። ዋናዋ ያለችው እኛው ወረታ፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ክብርት እትየ አገኘሁሽ፣ ካርድ ሻጭ፣ ስልክ ቻርጅ አድራጊ፣ የከተማችን የይለፍ ቃሎች የበላይ ጠባቂ!

ስልክ «የይለፍ ቃልዎ ይቀመጥ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው ሰው ያገኘውን ነክቶ ያልፋል። እሷ ግን ስልኩን ከእጅሽ ትነጥቅና እንደ ነፍስ አባት ትመረምርሻለች።

«ስልክሽ በቀን ስንት እጅ ይገባል?»

ብቻውን የሚኖረው ጸሐፊው አማረ «የእኔ ብቻ» አላት። «ይቀመጥልህ» አለችው። ስልኳ ከአማቷ እስከ ጎረቤቷ የሚዞርባትን ሴት «በጭራሽ!» አለቻት። አንዷ ደግሞ አፈር ብላ «እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን» ስትላት፣ እትየ ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻትና «በየጊዜው ይጠይቅሽ» ብላ አስተካከለችላት።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ የይለፍ ቃል ምረጥ ሲባል የክርስትና ስሙን ነው የሚያስገባው። ከቤተሰቡና ከነፍስ አባቱ ሌላ ማን ያውቀዋል ብሎ። በዚህ ነገር ስንቱን ጮኸችበት! «እናትህ ታውቀዋለች፣ የክርስትና እናትህ ታውቀዋለች፣ ክርስትናህ ላይ ጠላ የጠጣ ሁሉ ያውቀዋል! ቀይር!»

አንድ ቀን መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል መጡ። «ልጄ፣ ለማንም እንዳይነግሩ ብለሽኛልና ዞር በይ» አሏት። ዞረች። ካርድ ልንገዛ ወረፋ የያዝነውም አብረን ዞርን። መሪጌታ ግን ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ አውጥተው ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንዷን ፊደል በተጫኑ ቁጥር በዜማ አወጧት። «ገ... ብ... ረ... ሐ... ና...» ወረፋው በሙሉ «አሜን» አለ። እትየ ግንባሯን ያዘች።

እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ እያየሁ ስስቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ስልክ ለማስተካከል ወረፋ ልይዝ ነው? በዚያ ዓመት ለዜሮ ክፍል አስተማሪነት የሚያበቃ ሥልጠና በስልክ እየተከታተልኩ ነበር። ፈተናው ሃያ ጥያቄ ነው፤ ማለፊያው አሥራ አራት፤ የሚፈቀደው ሁለት ሙከራ። ካለፍኩ መስከረም ላይ ሥራ አለኝ፤ ከወደቅኩ የለኝም። ስልኩን የምንጠቀመው እኔና ባለቤቴ ደሳለው ነን። ስለዚህ ኢንተርኔት መክፈቻውን ከፍቼ፣ የይለፍ ቃል እንዳያስቀምጥ ራሴ ዘጋሁትና ኮራሁ።

የፈተናው ሊንክ የመጣው በምንጻጻፍበት አፕ ነበር። ነካሁት፣ ገጹ ተከፈተ፣ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ አዝያለሁ፣ ወጥ ጥጄያለሁ፤ ጥያቄው እንዲሄድልኝ ብቻ ሰማያዊውን «ይቀመጥ» ነካሁ። ፈተናውን ለነገ አሳደርኩት።

በማግስቱ፣ ፈተናው በስድስት ሰዓት ሊዘጋ፣ ጠዋት ልብስ ሳጥብ የሁለት ዓመቷ ልጄ ናፍቆት ዝም አለች። ልጅ ዝም ካለ ጥፋት አለ። ሮጬ ብገባ ስልኩን ይዛ ትስቃለች፤ ገጹ በተቀመጠው የይለፍ ቃል ራሱ ተከፍቶላት ኖሮ እንዲህ ይላል። «ፈተናዎን ጨርሰዋል። ውጤት፦ 8 ከ20። ቀሪ ሙከራ፦ 1።»

ልጄን አዝዬ እየበረርኩ እትየ ዘንድ ደረስኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ወረፋው መንገድ ደርሷል። ናፍቆት የሠራችውን ነገርኳት፤ ውጤቱን አየችና «ስምንት? ደሳለው ራሱ ስምንት አያመጣም!» ብላ መጀመሪያ ሳቀችብኝ።

«እትየ፣ ዘግቼው ነበር እኮ!»

«የቱን?»

«ኢንተርኔት መክፈቻውን።»

«እሱ ሳሎኑ ነው፣ ምኞትየ። ይሄ የምትጻጻፉበት አፕ የራሱ ጓዳ አለው። ሊንኩን ስትነኪ ከቤቱ የወጣሽ መሰለሽ እንጂ ጓዳው ነው የገባሽው። ጓዳው የራሱ መዝጊያ አለው። ልጅቷንስ ቆጥረሻት ነበር?»

«ሕፃን ደግሞ ይቆጠራል እንዴ?»

«ጣት አላት? ትቆጠራለች።»

የአፑን ማስተካከያ ከፈተች፤ ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ የውስጥ መክፈቻውን አገኘች። የተቀመጠውን ከመደምሰሷ በፊት «የይለፍ ቃልሽን ታስታውሺዋለሽ? እንዳትነግሪኝ! ራስሽን ብቻ ነቅንቂ» አለችኝ። ነቀነቅኩ። ደመሰሰችው። ለፈተናው ገጽ በጭራሽ እንዳያስቀምጥ፣ ለሌላው እየጠየቀ እንዲያስቀምጥ አደረገችልኝ። «ለሁሉም ገጽ በጭራሽ ብልሽ፣ ልጅ ታቅፈሽ በአንድ እጅ ስትጽፊ ልትውይ ነው» አለች።

ቀጥላ «ግቢ» አለችኝ፣ ሱቋን እያሳየች። «ልጅቷን አምጪ።» ናፍቆትን አዘለቻት፤ የቆርቆሮውን በር ገርበብ አድርጋ ደጁ ላይ ቆመችና ለወረፋው አወጀች። «ካርድ የለም!»

«በእጅሽ የያዝሽውሳ?» አላት አንድ ገበሬ።

«ለጌጥ ነው!»

በገበያ ቀን አንድ ሙሉ ሰዓት! እኔ ውስጥ ሆኜ የቀረችኝን ሙከራ ላብ በላብ እየሆንኩ ስመልስ፣ እሷ ውጭ ሰው እየመለሰች ልጄን እሹሩሩ ትላለች። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ውጤቱ መጣ፦ አሥራ ሰባት። ጮህኩ።

«ከስንት ነው?» አለ ያ ገበሬ።

«ከሃያ!» አለች እትየ፣ እሷ የተፈተነች ይመስል።

«ሦስቱን ምን አደረገቻቸው?»

ካለፈው መስከረም ጀምሮ የዜሮ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ናፍቆትንም ይዣት እሄዳለሁ። ያን ዕለት በደስታ ብዛት ልጄን ነጥቄ ወደ ቤቴ በረርኩ እንጂ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ! አፌን ስከፍት «ወረፋ አትዝጊ፣ አስተማሪ!» ብላ ታባርረኛለች። ዶሮ ብልክላት መልሳ ላከችው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዶሮው ቀድሞኝ ቤቴ ደርሷል።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ። በወረታ ስታልፉ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት ስትጮኽ ከሰማችሁ፣ እሷ ናት፤ አትቀየሟት። ስልካችሁን ስጧት፤ ሕፃን ካዘላችሁም አቀብሏት። ስትጨርስም የማን ምስጋና እንደሆነ ሳትናገሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝና ፈጠን ብላችሁ ከወረፋው ውጡ።